ዝቅ ብሎ፣ ወደ ግራ

ሜልክ ሄርገር በሸለቋችን ተወዳዳሪ የሌለው ተኳሽ ነበር ብል ዛሬ የሚያምነኝ ጥቂት ሰው ነው። የአሁኖቹ ወጣቶች የሚያስታውሱት በየዓመቱ ከተኳሾቹ ሁሉ መጨረሻ ይወጣ የነበረውን፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ከምድጃው አጠገብ ይቀመጥ የነበረውን ሽማግሌ ነው። እኔ አብዛኛውን ዕድሜዬን በተኳሾች ቤት ኩሽና ውስጥ ስላሳለፍኩ ሁለቱንም አይቻለሁ። ሁለቱ አንድ ሰው መሆናቸውን የሚያውቅ እያነሰ ስለመጣ ልጻፈው ብዬ ነው።

የተኳሾች ቤታችን ከወንዙ በላይ ካለው መስክ ዳር ነው። ኢላማዎቹ ከወንዙ ማዶ፣ ከጥዱ ጫካ ሥር ይቆማሉ፤ ከሥራቸው ጉድጓድ ነበረ። ጉድጓዱ ውስጥ የሚቀመጡት አሳዮች ጥይቱ የት እንዳረፈ በረጅም እንጨት ጫፍ ላይ ባለ ክብ ሳንቃ ያመለክታሉ። ጥይቱ ከክቦቹ ሁሉ ውጭ ከሄደ ደግሞ ቀይ ባንዲራ ያውለበልባሉ። ባለቤቴ አምብሮስ የተኩሱ ኃላፊ ነበር። እኔ ማካሮኒ ከድንችና ከአይብ ጋር እሠራለሁ፣ የተፈጨ ፖም ከጎኑ አደርጋለሁ፣ ቡና በብርጭቆ እቀዳለሁ። የኩሽናዬ መስኮት በምንጣፎቹ በኩል ስለሚከፈት፣ ተኝተው የሚተኩሱትን ሰዎች ሁልጊዜ የማያቸው ከጫማቸው ሶል በኩል ነው። የሜልክን ጫማ ከሁሉ እለየው ነበር። የገደል ሣር ሲያጭድ የሚያደርገው ጫማ ነው፤ የብረት ጥርሶቹን ለእሑድ ነቅሎ ይመጣል፤ ጥርሶቹ የነበሩበት ቀዳዳ ውስጥ ሁልጊዜ ደረቅ ሣር ይታየኛል።

ጠመንጃው ካራቢን የሚባለው የሠራዊቱ አሮጌ ጠመንጃ ነበር። ሰደፉ የዋልነት እንጨት ነው፤ ጉንጩ የሚያርፍበት ቦታ እንደ ቤተ ክርስቲያን ወንበር ክንድ ተወልውሏል። በየክረምቱ የተልባ ዘይት ይቀባዋል። በየውድድሩ አሸንፎ ባርኔጣው ላይ የሰካቸው የአክሊል ምልክቶች ከብዛታቸው የተነሣ ባርኔጣውን ወደ አንድ ጎን ያዘነብሉት ነበር፤ ሚስቱ ኦቲሊያ «አንገትህ ሳይጣመም አንዱን እንኳ አውርደው» ትለዋለች። እሱም «አንገቴ ከተጣመመ ኢላማውን አጣምሜ አየዋለሁ» ይላታል። እንዲህ ነበር ንግግሩ። ሜልክ ተቆጥቶ አይቼው አላውቅም። ሲወድም፣ ሲጠላም፣ ሲያፍርም ይቀልድ ነበር።

አንድ ልጅ ብቻ ነበራቸው፤ ዳሚያን። በመንደራችን የቆየ ልማድ አለ። በበጋ፣ ወንዱ ሁሉ የዓመቱን የግዴታ ተኩስ በሚተኩስበት እሑድ፣ አባትና ልጅ ጎን ለጎን ባሉት ምንጣፎች ላይ ይተኛሉ። ማንም አላዘዘውም፣ የትም አልተጻፈም። ሜልክም ከአባቱ ጎን ተኝቷል። ዳሚያን ገና ትምህርት ቤት ሳለ «የኔና ያባዬ ምንጣፎች» ብሎ ከበሩ አጠገብ ያሉትን ሁለቱን መርጦ ነበር። ዝናብ ሲዘንብ ውኃ የማይገባባቸው እነሱ ናቸው።

ከዚያ አዲሱ ጠመንጃ መጣ።

ሠራዊቱ ካራቢኑን ሊተው ነው ተብሎ ሲወራ ሰንብቶ ነበር። ከመንደራችን አዲሱን ይዞ የገባው የመጀመሪያው ሰው ዳሚያን ነው። የውትድርና ትምህርቱን ጨርሶ፣ እንደማንኛውም ወንድ ጠመንጃውን ይዞ፣ ከፖስታው አውቶቡስ ወረደ። እኔም እርጎ ልቀበል ሄጄ በረታቸው ደጃፍ ቆሜ ነበር። ጠመንጃው እንጨት የሚባል ነገር የለበትም። ሰደፉ ጥቁር ጎማ ነው፣ አፈሙዙ ረጅም፣ ከሥሩ ሁለት የሚታጠፉ እግሮች። ሜልክ የላሟን ሰኮና እየጠረገ ነበር፤ ቀና ብሎ አየና ብሩሹን አስቀመጠ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ጠመንጃ ነዋ፣ አባዬ።»

«እግር አለው።»

«ሁለት ብቻ ነው።»

«እንግዲህ የቀሩትን ሁለቱን ሲያበቅል በረት ውስጥ ቦታ እንፈልግለታለን።»

ኦቲሊያ ሳቀች። ከሁሉ በላይ የሳቀው ግን ዳሚያን ነበር። ጠመንጃውን ከትከሻው ሳያወርድ አባቱን አቀፈው። እናቱም ወደ ቤት ወስዳ ከልብስ ቁም ሣጥኑ ውስጥ፣ ከእሑድ ኮቱ ጎን አቆመችለት።

በተኳሾች ቤት ግን ነገሩ ቀልድ ብቻ ሆኖ አልቀረም። ካራቢን የያዙት ትልልቆቹ ሰዎች ቅር አላቸው። እግር ያለው ጠመንጃ መሬት ላይ ቆሞ አይንቀጠቀጥም፤ እነሱ በክንዳቸው ይዘው እየተንቀጠቀጡ እንዴት ከሱ ጋር ይወዳደራሉ? ወጣቶቹ ደግሞ «እናንተም ሄዳችሁ ውሰዱ» ይላሉ። ሳህን ይዤ በመካከላቸው ሳልፍ ድምፃቸው ዝቅ ይላል፣ ካለፍኩ በኋላ ይነሣል። በመጨረሻ አምብሮስ ለየብቻ እንዲወዳደሩ አደረገ፤ ካራቢኖቹ ከግራ፣ አዲሶቹ ከቀኝ።

«ጠመንጃው ቆሞ ሰውዬው ከተኛ፣ ተኳሹ የቱ ነው?» አለ ሜልክ፣ ሁሉም እየሰማ። «እኔ ከዚያ ነገር ጎን አልተኛም። እንቅልፌ ይሸሸኛል።»

ሳቁ። ዳሚያንም ሳቀ፣ ግን አባቱን እያየ ነበር። በግዴታው እሑድ ሜልክ ከበሩ አጠገብ፣ በድሮው ምንጣፍ ላይ ተኛ። ዳሚያን በሌላው ጫፍ፣ ዝናብ በሚገባበት በኩል ተኛ። ከአባቱ ጎን ያለውን ምንጣፍ የወንዝ ዳሩ ወፍጮኛ ያዘው።

በዚያው ዓመት መከር ላይ፣ መስኩ ላይ ጭጋግ ባለበት አንድ እሑድ፣ ዳሚያን ማነጣጠሪያውን ለዓይኑ ሊያስተካክል መጣ። ይህ ልፋት ያለው ሥራ ነው። ይተኩሳሉ፣ በሩቅ ማያ መነጽር ያያሉ፣ በትንሿ ቁልፍ ጥቂት ያዞራሉ፣ እንደገና ይተኩሳሉ። የአንዱ ሰው ዓይን ከሌላው አይመሳሰልምና እያንዳንዱ ጠመንጃውን ለራሱ ያስማማል። አብሮት በመነጽር የሚያይለት ሰው ፈለገ። ሜልክ ውስጥ ተቀምጦ ቡናውን ይጠጣል።

«አባዬ፣ መጥተህ በመነጽሩ እይልኝ።»

«ጠመንጃህ እግር አለው አይደል? ራሱ ሄዶ ይይ።»

ቤቱ በሙሉ ሳቀ። እኔም ፈገግ ብያለሁ። ዳሚያን እጁን ጨብጦ የአባቱን ትከሻ ቀስ ብሎ መታና ወጣ። ብቻውን እየተኮሰ፣ እየተነሣ፣ እያየ፣ እየተኛ እስከ ምሳ ቆየ። ሲጨርስ ኩሽናዬ መስኮት ላይ መጥቶ፣ አፍንጫው በብርድ ቀልቶ፣ «ሜና፣ አሁን እንደ ዓይኔ ሆነልኝ» አለኝ። ትኩስ ሾርባ ሰጠሁት። ቁልፏን ኪሱ ውስጥ ሲከት አይቻለሁ።

በክረምቱ ማብቂያ ወጣቶቹ ለዓመታዊው የውትድርና ልምምድ ተጠሩ። ሞቃቱ የደቡብ ነፋስ ነፍሶ ተራራው ላይ ያለው በረዶ ከብዶ ነበር። ዳሚያን ከጓደኞቹ ጋር ገደሉን ሲያቋርጥ የበረዶ ናዳ ወረደ። ሌሎቹን ዳር ዳሩን ገፍቶ ተዋቸው። እሱን ይዞት ወረደ። በረጃጅም ዘንግ እየወጉ ፈልገው አገኙት፤ ጠመንጃውን ግን አላገኙትም።

ስለ ቀብሩ ብዙ አልጽፍም። ጓዶቹ እግር ባላቸው ጠመንጃዎች ወደ ሰማይ ተኮሱ። ሜልክ በእያንዳንዱ ተኩስ ዓይኑን ጨፈነ። ዕድሜ ልኩን ከተኩስ ጋር የኖረ ሰው ነው፤ ሲደነግጥ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

በረዶው መቅለጥ ሲጀምር ሜልክ ወደ ናዳው መውጣት ጀመረ። ሣር ሊያይ ነው፣ አጥር ሊያይ ነው ይላል። ናዳው ያረፈበት ቦታ ላይ በረዶው እስከ በጋ ድረስ ይቆያል፤ ድንጋይ፣ የተሰበረ ጥድ፣ ጭቃ የተቀላቀለበት ክምር ነው። አንድ ጠዋት ላሞቹ ወደ ላይኛው ግጦሽ ሊወጡ ሲዘጋጁ፣ ሜልክ ክምሩ ላይ ሁለት ቀጫጭን ነገሮች ወደ ላይ ቆመው አየ። የጠመንጃው እግሮች ነበሩ። ሌላው ሁሉ በረዶ ውስጥ ነው፤ እግሮቹ ብቻ ተዘርግተው ሰማይ ሰማይ ያያሉ።

በእጁ ቆፍሮ አወጣው። ኮቱን አውልቆ ጠቀለለውና በኋላ በር ገባ። ይህን የነገረችኝ ኦቲሊያ ናት። «ሕፃን ያመጣ መሰለኝ፣ ሜና» አለችኝ። «እንደዚያ ነበር የያዘው።»

የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ ነጭ ጨርቅ አልብሶ ላዩ ላይ አስተኛው። ዝገቱን በዘይትና በጥጥ አስለቀቀ። ጎማውን አጠበ። ካዝናውን ፈትቶ እያንዳንዱን ጥቃቅን ነገር አደረቀ። ማነጣጠሪያው ጋ ሲደርስ ግን እጁን አላስገባም፤ በዶሮ ላባ ብቻ ጭቃውን ጠረገ፣ ትንፋሹን ይዞ። ኦቲሊያ «እዚያ ጋ ምን አለ?» ስትለው፣ «የዳሚያን ዓይን ነው ያለው። ዞር እንዳላደርገው» አላት።

ጠመንጃ የመንግሥት ነው። ሰውዬው የአገልግሎት ዘመኑን ሲጨርስ የራሱ ይሆናል፤ ከዚያ በፊት ከሞተ ይመለሳል። በየመንደሩ ይህን የሚከታተል ሰው አለ፤ የኛው ካርሊ ፉረር ነበር። ካርሊ የሜልክ የልብ ወዳጅ ነው፤ አብረው አጭደዋል፣ አብረው ተኩሰዋል። ነገሩን ሰምቶ ዝም ብሎ ከረመ፤ በኋላ ግን ከላይ ጠየቁት። ጣጣውን ሜልክ ቤት ሄዶ መናገር ከብዶት፣ በተኳሾች ቤት አጥር ሥር እኔ ሰላጣ ስቀነጥስ አገኘው።

«ሜልክ፣ ቤትህ እንዳለ አውቃለሁ።»

«ካወቅህ ምን ትጠይቀኛለህ?»

«መመለስ አለበት። እኔ እኮ ብችል...»

«ልግዛው።»

«አይሸጥም። ለአንተ ብቻ አይደለም፣ ለማንም አይሸጥም። አገልግሎቱን ላልጨረሰ ሰው...»

«ጨርሷል» አለ ሜልክ።

ካርሊ ባርኔጣውን አወለቀና እንደገና አደረገው። «ስማኝ። ከተማው ጠመንጃ ሠሪ ጋ አሁን ለሲቪል ሰው የሚሸጥ መጥቷል። ፋብሪካው ያው ነው፣ ብረቱ ያው ነው፣ ጎማው ያው ነው። በአንድ ቃታ አንድ ጥይት ብቻ ነው የሚተኩሰው፤ ልዩነቱ እሱ ብቻ ነው። ወረቀቱን እኔ እጨርስልሃለሁ። ያንን ውሰድ።»

«ያኛው ላይ ማን ተኝቶበታል?»

«ማንም።»

«እንግዲያው ምን ያደርግልኛል?»

ሜልክ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቀጠለ። «የግዴታውን ተኩስ አልተኮሰም፣ ዘንድሮ። እሱን ልተኩስለት። ከዚያ አምጣ ስትለኝ አመጣለሁ።»

ይህ የተፈቀደ ነገር አልነበረም። ካርሊ አጠገባችን የቆመውን አምብሮስን አየው፤ አምብሮስ ደግሞ መስኩን አየ። ሁለቱም እምቢ አላሉም።

በግዴታው እሑድ ሜልክ ካራቢኑን ቤቱ ትቶ የልጁን ጠመንጃ ይዞ መጣ። ከበሩ አጠገብ ያሉትን ምንጣፎች አልፎ ሄደ። በቀኝ ጫፍ፣ ዝናብ በሚገባበት በኩል፣ ዳሚያን ይተኛበት በነበረው ምንጣፍ ላይ ተንበረከከ። እግሮቹን ዘረጋቸው፤ ጠመንጃውን አቆመው። ከዚያ ከጎኑ ተኛ። ሰዉ ወሬውን አቆመ። እኔ የማማሰያውን ማንኪያ እንደያዝኩ መስኮቱ ላይ ቆሜ የጫማውን ሶል አያለሁ።

የመጀመሪያውን ተኮሰ። ከማዶ ክቡ ሳንቃ ወጣ፣ ፈለገ፣ ፈለገና ከክቦቹ ሁሉ ውጭ፣ ከታች በግራ ጥጉ ላይ ቆመ። ቀጥሎ ቀይ ባንዲራው ወጣና ተውለበለበ። እስከዚያ ቀን ለሜልክ ባንዲራ ሲውለበለብ ያየ ሰው አልነበረም። ሁለተኛውን ተኮሰ። እዚያው ጥግ፣ ከመጀመሪያው ጎን።

አምብሮስ ጎንበስ አለለት። «ሜልክ፣ ዝቅ ብሎ ወደ ግራ ነው። ጥቂት ብታዞረው ይገባል። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ አለ።»

«አላዞረውም።»

«ሰውዬ፣ ጥይቶችህ አንድ ላይ ናቸው። እጅህ ደህና ነው። ማነጣጠሪያው ብቻ ነው።»

«ለሱ ዓይን ልክ ነበር። ዓይኔ ነው ከሱ ዓይን የማይገጥመው።»

«ካላዞርከው ግዴታውን አትሞላም እኮ።»

«አምብሮስ፣» አለ ሜልክ ጉንጩን ከጎማው ሳያነሣ፣ «አንድ እሑድ ሙሉ ብቻውን ነው ያስተካከለው። እኔ ቡና እየጠጣሁ ነበር።»

አምብሮስ ቀና አለና ስልኩ ጋ ሄደ፤ ወደ ጉድጓዱ የሚደውል ስልክ ነበረን። ምን እንዳለ ሰምቻለሁ። «ለመጨረሻው ምንጣፍ ባንዲራ አታውለብልቡ። ቦታውን ብቻ አሳዩት።» ከዚያ በኋላ ሜልክ የቀሩትን ሁሉ ተኮሰ። ክቡ ሳንቃ እየወጣ ያንኑ ጥግ ያሳያል። ከጉድጓዱ ውስጥ ካሉት አንዱ ሳንቃውን ቶሎ አያወርድም ነበር፤ ረዘም አድርጎ ይይዘዋል። ሲያበቃ ሜልክ ቀለሆቹን አንድ በአንድ ለቅሞ ኪሱ ከተታቸው። ማካሮኒውን ሳህን ላይ አድርጌ ሰጠሁት። ሹካውን አነሣ፣ መልሶ አስቀመጠ። «ጥሩ ሽታ አለው፣ ሜና» አለኝ።

ጠመንጃውን ሊመልስ ሲሄድ ኦቲሊያ አብራው መሄድ አልቻለችም። «አንቺ ሂጂልኝ፣ ብቻውን አይቀመጥ» ስላለችኝ ከአምብሮስና ከሜልክ ጋር በአውቶቡሱ ከተማ ወረድኩ። በመሣሪያ መጋዘኑ የተቀበለን ሰው መነጽር ያደረገ፣ ለስላሳ ድምፅ ያለው፣ ጨዋ ሰው ነበር። የዳሚያንን ስም ሲሰማ ተነሥቶ ቆመ። ጠመንጃውን ሲቀበል በሁለት እጁ ነው። ንጽሕናውን አይቶ «እንዲህ ተይዞ የመጣ አላየሁም» አለ።

«አንድ ነገር ልለምንዎት፣» አለ ሜልክ። «ማነጣጠሪያውን አይንኩት። ልጄ ለዓይኑ ያስተካከለው ነው።»

ሰውዬው ጠመንጃውን ወደ መስኮቱ ብርሃን ወስዶ በአፈሙዙ በኩል አየ። መነጽሩን አውልቆ ጠርጎ እንደገና አየ።

«ወዴት ይሄዳል ጥይቱ?»

«ዝቅ ብሎ ወደ ግራ።»

«አቶ ሄርገር፣» አለ ሰውዬው፣ ሊያጽናናው ፈልጎ ነው ብዬ አምናለሁ፣ «ይህ የልጅዎ ዓይን አይደለም። የሰው ዓይን ከሰው ዓይን ይህን ያህል አይለያይም። ይዩት፣ ጫፉ ላይ ያለችው የማነጣጠሪያ ብረት ተጣምማለች። ናዳው ከድንጋይ ጋር መትቷት ነው። ልጅዎ ያስተካከለው ቀጥ ያለ ነበር፤ በእሱ አይዘኑ።»

ይህን እያለ ከጠረጴዛው ላይ ትንሽ የነሐስ መዶሻ አነሣ። ማናችንም ምን ሊያደርግ እንደሆነ አላሰብንም። ሜልክ እጁን አንሥቶ ነበር፤ አልደረሰም። ሰውዬው አንዴ ኳ አደረጋት፣ አየት አደረጋትና «አሁን ቀና አለች» አለ። ያየው እጁን ነው፣ ሥራውን ነው፤ የሜልክን ፊት አላየም። ከዚያ ጠመንጃውን ከግድግዳው ጋር ከቆሙት መካከል አቆመው። ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው። ዞር ብዬ መልሼ ሳይ የቱ እንደነበረ ለይቼ አላወቅሁም። ሜልክም የለየ አይመስለኝም፤ ከአንዱ ወደ አንዱ ያይ ነበር።

በመመለሻው አውቶቡስ ውስጥ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠ። ከተማውን አልፈን፣ ወንዙን ተሻግረን፣ ዳገቱን ስንጀምር አንድ ቃል ተናገረ።

«የዚያች መዶሻ ድምፅ ትንሽ ናት» አለ።

በሚቀጥለው ጸደይ የተኳሾቹ ማኅበር ለሜልክ ስጦታ አመጣለት። ለሲቪል የሚሸጠው ጠመንጃ፣ አዲሱ፣ ገና የዘይቱ ሽታ ያልለቀቀው። ካርሊ ወረቀቱን እንዳለው ጨርሶለታል። አምብሮስ ሲሰጠው ንግግር አዘጋጅቶ ነበር፤ ጀምሮ ተወው። ሜልክ ለሁሉም በየተራ እጁን ሰጥቶ አመሰገነና፣ አምብሮስን ቁልፏን አውሰኝ አለው። ከዚያ የሆነውን አምብሮስ ያን ቀን እንደነገረኝ እጽፈዋለሁ።

ሜልክ በቀኝ ጫፍ ተኝቶ ይተኩሳል፣ ያዞራል፣ ይተኩሳል። አምብሮስ በመነጽሩ ሲያይ የመጀመሪያዎቹ ጥይቶች መሐል ጥቁሩ ላይ ነበሩ። በኋላ መውረድ ጀመሩ። ወደ ግራ ሄዱ። ከክቦቹ ወጡ።

«ሜልክ፣ ምን እያደረግህ ነው? ልክ ነበር እኮ።»

«አውቃለሁ።»

«መጋዘኑ ውስጥ ሰምተሃል። የሱ ዓይን አይደለም። ናዳው ነው ያጣመመው።»

«ሰምቻለሁ።» እንደገና ጥቂት አዞረ። «ናዳው ከሱ ጋር ነበር። እኔ አልነበርኩም።»

ጥይቱ ያችን ጥግ ሲያገኝ ቁልፏን መለሰለት።

ከዚያ ወዲህ ሜልክ ካራቢኑን ነክቶ አያውቅም። አክሊሎቹን ከባርኔጣው አውጥቶ ኦቲሊያ መርፌና ክር የምታስቀምጥበት ጣሳ ውስጥ ጨመራቸው። በየበጋው ይመጣል፣ በቀኝ ጫፍ ይተኛል፣ የጠመንጃውን እግሮች ይዘረጋል፣ ያችን ጥግ ይመታል፣ መጨረሻ ይወጣል። የጉድጓዱ ሰዎች ባንዲራ አያውለበልቡለትም፤ አዲስ አሳይ ሲገባ መጀመሪያ የሚነግሩት ይህን ነበር። ታሪኩን የማያውቁ ልጆች ግን እያደጉ መጡ። አንዱ የወፍጮኛው የልጅ ልጅ፣ «አባባ ሜልክ፣ ኢላማው መሐል ላይ ነው ያለው፣ አልነገሩዎትም?» ሲለው ሰምቻለሁ። ሜልክ ሳቀ። «ነግረውኛል። ግን መሐሉ ላይ ሰው በዝቶ ይጋፋል» አለው። ልጁ ደስ ብሎት ለሌሎቹ ሊያወራ ሄደ። እኔ ሳህኑን ደጋግሜ አጠብኩት።

ኦቲሊያ ቀድማው ሄደች። አምብሮስም ሄደ። ሜልክ ሰማንያን ካለፈ በኋላ ጉድጓዱን ዘጉትና በመብራት የሚሠራ ኢላማ ተከሉ። አሁን አሳይ የሚባል ሰው የለም፤ ከየምንጣፉ አጠገብ ትንሽ የቴሌቪዥን መስኮት አለ፣ የጥይቱን ቦታ በነጥብ፣ ዋጋውን በቁጥር ያሳያል። በዚያ ዓመት የግዴታ እሑድ ሜልክ በዱላ ተደግፎ መጣ። ግዴታ ካበቃለት ቆይቷል፤ እምቢ ያለው ግን የለም። ሁለት ወጣቶች ደግፈው አስተኙት። ፈርቼ ነበር። ያ ዕቃ ሜልክን አያውቀውም፤ ባንዲራ አታውለብልብ የሚለው ሰው የለም።

ተኮሰ። መስኮቱ ላይ ዜሮ ወጣ። ተኮሰ፣ ዜሮ። ወጣቶቹ እርስ በርስ ተያዩና አንዱ «መሣሪያው ተበላሽቶ ይሆን?» አለ። ሜልክ ግን ቁጥሩን አያይም ነበር። ጉልበቱን አጥፎ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ መስኮቱን በቅርብ ያያል። በጉድጓዱ ዘመን አሳዮቹ አንዱን ጥይት አሳይተው ያወርዱና ሌላውን ያሳያሉ፤ ሁሉንም አንድ ላይ አይቶ አያውቅም ነበር። ይህኛው አያጠፋቸውም።

«ሜና፣» ብሎ ጠራኝ፣ «እጅሽን ጥረጊና ነይ።»

በኩሽናው መስኮት ከማየት ይልቅ በበሩ ወጥቼ፣ በምንጣፎቹ መካከል አልፌ ሄድኩ። ሽርጤን እንዳደረግሁ ነው። ጎንበስ አልኩ። ከታች በግራ ጥጉ ላይ ትናንሽ ነጥቦች ተጠጋግተው ነበር፤ አንዱ በአንዱ ላይ ሊወጣ ምንም አልቀረው።

«እይ፣» አለኝ፣ በጣቱ መስታወቱን ሳይነካ። «አንድ ላይ ናቸው።»

«አዎ፣ ሜልክ» አልኩት። «አንድ ላይ ናቸው።»